ከዝርዝሩ የጎደለችው ሴት

ባጃጁ ቦሳ አዲስ ላይ ቆመና ባለመነጽሩ ሰውዬ ገባ። ሮሆቦት ወደ ጥግ ሸሸችለት። ቀና ብላ አላየችውም። እሱም ሰላም አላላትም።

የሶፍቱ እሽግ በመሀላቸው መቀመጫው ላይ ነበር። ውስጡ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ አለች። ሰውየው ግንባሩን ሊጠርግ አንድ ሶፍት መዘዘና እሽጉን ኪሱ ከተተው።

አለቀ።

የስድስት ወር ሥራ በአንድ የላብ ጠረጋ አለቀ።

«ሁሉም አሉ?» አለ፣ ዓይኑን ከጅሬን ዳገት ሳያነሳ። የባጃጁ ጩኸት ድምፁን ከሹፌሩ ይሸፍነዋል።

«ሁሉም።»

«አርባ ሦስት?»

«አርባ ሦስት።»

ዋሸችው። አርባ ሁለት ነበሩ።

ሰውየውን የምታውቀው «መምህር» በሚለው ስሙ ነው። ለእሱ እሷ «ክረምት» ናት። ሮሆቦት የሰርቦ ሴቶች የሚያውቋት ስም ነው፤ ተመርቃ ሥራ ያጣች ምስኪን ልጅ ብለው ነው የተቀበሏት።

ሴቶቹ ሰርቦ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። ከመካከላቸው ዙሀራ የምትባለው፣ አሥራ አንድ ዓመት ከለቀመች በኋላ፣ ለክልል ምክር ቤት በግል እወዳደራለሁ ብላ ተነሳች። በዚያው ወንበር የመጋዘኑ ባለቤትም ይወዳደራሉ። ዙሀራ በማግሥቱ ተባረረች። የመምህርም ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ለመገመት ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

ዙሀራ ፖስተር የላትም፤ አዳራሽ የላትም። ያላት ቴሌግራም ነው። የድጋፍ ፊርማ ሊያሰባስቡላት ቃል የገቡትን ሴቶች በአንድ ዝግ ግሩፕ ሰበሰበች፤ ስልክ ያላት ለሌላት እያዋሰች። አድሚኗ ሮሆቦት ሆነች። የመምህር ትእዛዝ አጭር ነበር፦ እነማን እንደሆኑ እወቂ። ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። ሳይገባት ቀርቶ አይደለም።

ዙሀራ ጠንቃቃ ናት። ፎቶ የለም፤ መልእክቱም በቮይስ ብቻ፣ ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉምና። «ስም አይጠራም! ወላሂ፣ ስም የጠራች ከእኔ ጋር አይደለችም» ብላ አስምላቸዋለች።

ግን ሰላምታን ማን ይከለክላል? የሰርቦ ሴት ቤተሰብ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ አትገባም፤ ነውር ነው። «የአብራር እናት፣ ልጅሽ ከሆስፒታል ወጣልሽ? የቲጃኒ እናት፣ ላሚቱ ወለደች?» እነሱ እንደሚያምኑት መሐላቸውን አላፈረሱም። እናትን በልጇ መጥራት አክብሮት እንጂ ስም መጥራት አይደለም።

ሮሆቦት በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች የልጆቹን ስም ጻፈች፤ የማን እናት ማን እንደሆነች ጠያይቃ አወቀች። ሁሉንም አገኘቻቸው።

አንዷን ግን ዘለለች። አፊፋን።

ሮሆቦትን ታይፎይድ ሲጥላት፣ ሥራዋን ትታ ስምንት ቀን አጠገቧ የተቀመጠችው አፊፋ ናት። «ኢንታላ ኮ» ትላታለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ወልዳ የቀበረቻት ልጅ ብትኖር በሮሆቦት ዕድሜ ትሆን ነበር። ይህችን ሴት ለመምህር መስጠት አልቻለችም። አንድ ሰው ባድን ምናለበት አለች።

ሐሙስ ጠዋት የመጋዘኑ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከሥራ የተሰናበቱ፤ አርባ ሁለት ስም። ሩፈይዳ የምትባለው ለቃሚ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሴቶቹ ስማቸው በተጠራ ቁጥር ራሳቸውን ይይዛሉ። አንብባ ስትጨርስ ተመልሳ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አፊፋ የለችበትም።»



ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ።

«እህቴ ነሽ ብዬ ነበር» አለች ወሬውን ሰምታ በሩ ድረስ የመጣችው ዙሀራ። ከአፊፋ ጎን የነበሩት ሴቶች ራቅ ብለው ቆሙ።

ሮሆቦት ከመጋዘኑ ጀርባ ሄዳ ደወለች።

«አርባ ሁለት ነበር የሰጠሽኝ» አለ መምህር ገና ሳትናገር።

«ያውቁ ነበር?»

«ግሩፑ ውስጥ ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም ብለሽ ነው? ልጨምራት እችል ነበር። ተውኳት። አንድ ሰው መጠርጠሩ አይቀርም፤ ወይ አንቺ ወይ እሷ። አንቺው መረጥሽልኝ።»

«እኔ ነኝ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ንገሪያቸው። አፊፋም ትስማሽ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ከሰዓት አፊፋ ራሷ ሮሆቦት ክፍል ድረስ መጣች። ነጠላዋ በአንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሏል።

«ኢንታላ ኮ፣ እነሱ የፈለጉትን ይበሉ። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ አይደል? ወላሂ አልተናገርኩም። ለማን ብዬ እናገራለሁ?»

አሁን ነው። ሁለት ቃል ብቻ።

እኔ ነኝ።

አልወጣላትም። ይህች ሴት ዳግመኛ ልጄ እንደማትላት አሰበች።

«አምንሻለሁ፣ አዴ አፊፋ።»

አፊፋ ግንባሯን ስማት አለቀሰች። «አላህ ይስጥሽ። አንቺ ባትኖሪልኝ ዛሬ አብድ ነበር።»

የፊርማው ሳምንት መጣ። የተባረሩት ሥራ ፍለጋ ተበታትነው ነበር፤ ያልተባረሩት ፈርተዋል። ግሩፑ ውስጥ ሰላም የሚል እንኳ ጠፋ። ዙሀራ ፊርማው ሳይሞላላት ቀርቶ ከውድድሩ ወጣች። መምህር «ተፈጽሟል፤ ውጪ» ብሎ ለሮሆቦት ጻፈላት።

ሮሆቦት አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ አለች። አስፋልቱ ድረስ የሸኘቻት አፊፋ ብቻ ናት። ሚኒባሱ ሲቆም ቦርሳዋን ራሷ ጫነችላት።

«ስትደርሺ ደውይልኝ እሺ? አሁን እኔ ጋ የሚደውል የለም።»

«እሺ።»

ሰኮሩ ላይ ተሳፋሪው ምሳ ሊበላ ወረደ። ሮሆቦት፣ የሥራዋ ደንብ እንደሚያዘው፣ ሲም ካርዷን አውጥታ ለሁለት ሰበረችው። የአፊፋን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች።

እስከ ዛሬ አልደወለችላትም።