አጭሩ ማሰሪያ

«በልብስ ላይ ነው የምታስረው፣ ወይስ በባዶ ክንድህ?»

ሰርካዲስ ይህን የማትጠይቀው ደንበኛ የለም። ኮለምበስ ዳር፣ ዌስተርቪል ውስጥ ባለ የጠላቂዎች ዕቃ መሸጫ ከመስታወቱ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ትውላለች። እሷ ራሷ እንኳን ልትጠልቅ፣ ገንዳ ውስጥ ከጉልበቷ በላይ ገብታ አታውቅም። ስለ ማሰሪያ ግን የሚወዳደራት የለም። ዛሬ ባስልዮስን ስትጠይቀው ድምጿ ሻከረ። መልሱን ፈርታዋለች።

ባስልዮስ ዳይቭ ኮምፒውተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደጠለቀና እንዴት ቀስ ብሎ መውጣት እንዳለበት የሚነግረው፣ እንደ ትልቅ ሰዓት ክንድ ላይ የሚታሰር ዕቃ ነው። ማሰሪያው ከቀዳዳው ላይ ተበጥሷል።

«በባዶ ክንዴ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ኦሃዮ ውስጥ በባዶ ክንዱ የሚጠልቅ የለም። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ይዞ የሚገባበት፣ ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ ውሃ የሞላው ካባ፣ በሐምሌም ቢሆን ከሥሩ በረዶ ነው። ወፍራም ልብስ ተለብሶ፣ ኮምፒውተሩ በልብሱ ላይ በረጅም ማሰሪያ ይታሰራል። አጭሩን የሚገዛ ሰው ወደ ሞቃት ባሕር የሚሄድ ሰው ነው።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ፍሎሪዳ። ጀልባ ላይ ቱሪስት ማስተማር ነው። ኦፈር ላኩልኝ፣ አክሰፕት አደረግሁ። እሑድ እነዳለሁ።»

«የፊታችን እሑድ?»

«የፊታችን።»

ማሰሪያውን ኦንላይን በርካሽ ማግኘት እንደሚችል ልትነግረው አሰበችና ተወችው። እሱም ያውቀዋል። እያወቀ እዚህ ለምን እንደመጣ ነው ልቧን ያስጨነቀው።

የተዋወቁት እዚሁ ባንኮኒ ላይ ነው። ጓንት ሊገዛ መጥቶ የማይሆነውን ይዞ ሄደ፤ ሊቀይር መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ሰበብ አላጣም። የተነጋገሩት ጥቂት ነው፣ የተያዩት ግን ብዙ። ያኔ የዚህን ሰው እጅ ያህል ጓንት የሚጨርስ እጅ ኮለምበስ ውስጥ አልነበረም።

ዘንድሮ ፋሲካ እንዳለፈ አጎቱ ጋሼ ጀማነህ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው እነሰርካዲስ ቤት መጡ። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ውጣ ሰማች። አባቷ አቶ ካሳሁን እንደ ወጉ «እናስብበትና እንነግራችኋለን፤ ተመለሱ» አሏቸው። ሽማግሌ በመጣበት ቀን ልጅ አይሰጥም፤ የሰጠ አባት ልጁን አራከሰ ይባላል። ያን ቀን ሰርካዲስ በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሽማግሌዎቹ ግን በዚያው ቀሩ። ባስልዮስም ከሱቁ ጠፋ። አቶ ካሳሁን ቆይተው ቆይተው «ልጁ ሐሳቡን ለውጧል፤ እርሺው» አሏት። ልትረሳው ግን አልቻለችም። ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ደግሞ «ለምን ቀራችሁ?» ብላ አትጠይቅም። ሆድ ይፍጀው ብላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ስትል ከረመች።

አሁን ቆሞ አጭር ማሰሪያ ይጠብቃል።

«አጭሩ አልቋል» አለችው።

ባስልዮስ ከትከሻዋ በላይ ተመለከተ። «ከኋላሽ የተሰቀለውስ?»

ሰርካዲስ ፊቷ ጋለ። ዞራ ማየት አላስፈለጋትም፤ ጠዋት ራሷ ናት የሰቀለችው።

«ሰርኪ፣ ለምን ዋሸሽኝ?»

ያደገችበት ወግ ሁሉ ዝም በይ አላት። ዝምታው ግን እስከ ዛሬ ምንም አልረዳትም።

«ሽማግሌዎችህ ለምን ቀሩ?»

«እንዴት ለምን? አባትሽ እምቢ ብለው ነዋ።»

«አባዬ? መቼ?»

«እናስብበታለን፣ እንነግራችኋለን አላሉም?»

«ብሏል።»

«እዚህ አገር ጆብ ኢንተርቪው ሄደሽ እንደዚያ ካሉሽ አልፈለግንሽም ማለት ነው። ደግመሽ አትደውይላቸውም።»

አፍጥጣ አየችው። ኮለምበስ የመጣው ገና ፊደል ሳይለይ ነው። አማርኛውን በቤት ተምሯል፤ ይህን ግን የነገረው የለም።

«እኔ ጆብ ነኝ?» አለችው። «ተመለሱ ነው ያለው። ተመለሱ ማለት ተመለሱ ነው።»

ባስልዮስ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ስፒከር ላይ አደረገው።

«ጋሼ፣ እነአቶ ካሳሁን ጋ የሄዳችሁ ጊዜ እምቢ ተብላችኋል?»

«ማን እምቢ አለን?» አሉ ጋሼ ጀማነህ። «አንተ አይደለህ ተዉት፣ ሰው ማስቸገር አልፈልግም ያልከኝ? ሐሳብህን ቀየርክ ብዬ አፍሬ፣ ካሳሁንን ላለማየት ከቤተ ክርስቲያን በጓሮ በር እየወጣሁ ነው።»

ሰርካዲስ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ መጣ። ባስልዮስ ስልኩን ዘጋ።

«ፍሎሪዳን ካንስል አደርጋለሁ። ረጅሙን ስጪኝ።»

ከዚህ የበለጠ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። እጇም ወደ ረጅሙ ሄዶ ነበር።

«ሰዎቹ ይጠብቁሃል?»

«አስተማሪያቸው ለቆባቸው እኔን ብቻ ነው የያዙት።»

እጇን መለሰች። «አባዬ ቃልህን ያጠፍክ መስሎት አዝኖብሃል። አሁን ደግሞ ሌላ ቃል አጥፈህ ደጁ ልትመጣ ነው?»

«አንቺን ትቼ ልሂድ?»

«ሽማግሌ የሚልክ ሰው ራሱ አይመጣም። ጋሼ ጀማነህ ይመለሱ። አንተ ሥራህን ጨርሰህ ና።»

አጭሩን አወረደች፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዘችና «እጅህን» አለችው። ክንዱን ዘረጋላት። በጣቶቿ ሥር የደም ሥሩ ሲመታ ይሰማታል። አሰረችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አሰረችው።

«ጠበቀ?»

«አልጠበቀም።»

«ላላ?»

«አልላላም።»

ሁለቱም ግን አልተንቀሳቀሱም። ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ፀሐይ ዘቅዝቃለች።

«እስከ ገና ነው ሥራው» አለ ባስልዮስ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትጠብቂኛለሽ?»

«እስካሁንስ ምን ሳደርግ የቆየሁ መሰለህ?» አለችው። ደንበኛ በሩን ከፍቶ ገባ፤ እሷ ግን ቀና አላለችም።