ደምለው ያጣጣላት መኪና

ይህ የሆነ ነገር ነው። «ፈጠራ ነው» ለማለት ጣታችሁ የቸኮለ ካላችሁ አትድከሙ፤ መተማ ዮሐንስ መጥታችሁ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። መኪናዋ አሁንም እዚያው ቆማለች።

የሆነው በጨለማ አይደለም። መቃብር ቦታም አይደለም። ባለፈው ሚያዝያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት ነው።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ ልነፋ ተጠርቼ ሄጄ ነው ነገሩን ያየሁት። ያላየሁትን ደግሞ ደምለው ራሱ ነግሮኛል... ያኔ፣ ሌላ ወሬ ማውራት ይችል በነበረበት ጊዜ።

ደምለው ያገለገለ መኪናና ትራክተር ነጋዴ ነው። ከኮኪት እስከ አብደራፊ ሰሊጥ የከዳው ገበሬ ካለ ወሬው ለሱ ቀድሞ ይደርሰዋል። ይሄድና ትራክተሩን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። እንትፍ ይላል።

«ይሄ ደግሞ ትራክተር ነው?»

ሰውየው በገዛ ንብረቱ እስኪያፍር ያጣጥልበታል። ከዚያ በግማሽ ዋጋ ይወስድና በማግሥቱ ጎንደር ላይ «እንከን የለሽ» ብሎ ይሸጠዋል።

ገዢ ሆኖ የማያጣጥል የለም፣ ያለ ነው። የደምለው ግን ከሥራም አልፎ ነበር። ሰርግ ተጠርቶ ሙሽራዋን ያጣጥላል። ለቅሶ ሄዶ ድንኳኑን ያጣጥላል። እኔን «ነፋስ ሻጩ» ነበር የሚለኝ፣ በሰው ፊት።

እኔም አልወደውም ነበር። አንጀቴ ነው የማይወደው።

በዚህ ዓለም ላይ ያላጣጣለው አንድ ሰው ቢኖር ታናሽ ወንድሙ ሰጠኝ ነው። እናታቸው ስትሞት ሰጠኝ ገና ጡት አልጣለም፤ አዝሎ ያሳደገው ደምለው ነው። ስለሱ ሲያወራ ያ መርዘኛ አፉ ይለሰልስ ነበር። ሰጠኝ አድጎ የወንድሙን የጭነት መኪና ይነዳል። የዚያን ቀን ከጎንደር ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ወደ መተማ እየወረደ ነበር።

ነጭ ሽንኩርት። ይህን ያዙልኝ።

መኪናዋ የሀጃ መስቱራ ናት። ሀጃ የመተማ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ግን ካርቱም ነው የጨረሱት። ጦርነቱ ሲነሳ ሰው ፍራሹንና ልጁን ተሸክሞ በገላባት ድንበር ሲሻገር፣ እሳቸው የሟች ባላቸውን የሷሊህን መኪና በሎቤድ ተሳቢ አስጭነው መጡ። ሁለት በር ያላት፣ ረጅም አፍንጫ፣ ቀይ፣ በዕድሜ እኔንም ደምለውንም የምትበልጥ የእሽቅድምድም መኪና።

የከተማው ሰው ሳቀ። ሆዷ መሬት የሚልስ መኪና በኛ መንገድ ላይ ምን ልትሆን ነው?

ደምለው አልሳቀም። ጎንደር ላይ ለሰርግ የሚያከራያት ሀብታም አግኝቶላታል።

ደምለው ለጎማዋ እኔን ይዞ ግቢያቸው ስንደርስ ሀጃ ከኒም ዛፉ ሥር የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። መኪናዋ አጠገባቸው ሸራ ለብሳለች።

«ልጄ፣ ዐይቧን እኔው ልንገርህ» አሉ ሀጃ። እንከኗን ማለታቸው ነው። «ባትሪ የላትም፣ ሸጬ በልቼዋለሁ። ጎማዋ ተንፍሷል። ቀለሟን ፀሐይ በልቶታል። ሌላ ዐይብ ካገኘህ ንገረኝ፣ እቀንስልሃለሁ።»

እጃቸውን ሸራው ላይ አሳረፉ።

«የሌለባትን ግን አትበልባት። ሷሊህ ክፉ ሲወራባት አይወድም ነበር።»

ደምለው ዞሮ ጠቀሰኝ። በሟች ባል ቀልቡ የሚገፈፍ ሰው አይደለም።

ሸራውን ገፎ የመጣንበትን ፒክአፕ ባትሪ ነቅሎ ገጠመላት። አንዴ ቁልፉን ሲያዞረው ተነሳች። ክላክሱን ነካ፣ ጆሮዬን አደነቆረኝ። ራዲያተሯን አየ፣ ጠብታ የለም። በሩን ከውስጥ ከፈተ፣ ዘጋ። ፍሬኑን ሲረግጥ ከኋላ ሁለት ቀይ መብራት ቦግ አለ። እኔ ጎማው ሥር ተንበርክኬ ስለነበር ፊት ለፊቴ ነው የበራው።

ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ባትሪውን ወደ ፒክአፑ መለሰ።

ይህንንም ያዙልኝ። ባትሪ የላትም።

ክርክሩ ተጀመረ።

«ሀጃ፣ እንዲያው ለእርስዎ አዝኜ ነው የመጣሁት» አለ ደምለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ክላክሷ እኮ አይሠራም።»

ጆሮዬ ገና ይጮኻል እኮ...

ሀጃ አተኩረው አዩት። «አይሠራም?»

«አይሠራም።»

«ኻላስ። እንዳልከው ይሁን።»

በቃ ማለታቸው ነው። ዋጋ ቀነሱ። አልተከራከሩም። ደምለው እንኳ ትንሽ ደነገጠ፤ ይህን ያህል ሞኝ ሻጭ ገጥሞት አያውቅም።

ስልኩ ጮኸ። ሰጠኝ ነው።

«ጋሼ፣ አይከልን እንዳለፍኩ ክላክሱ ጠፋብኝ። አሁን ይሠራ ነበር፣ አሁን ዝም።»

«ያንን ቆሻሻ ብረት ተወው። አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ና፣ ወንድሜ» አለውና ዘጋው።

ወደ ሀጃ ዞረ። «ራዲያተሯም ያፈሳል።»

«ያፈሳል?»

«የፈሰሰውን ውሃ መሬቱ ጠጥቶት ነው እንጂ ይታይ ነበር።»

«ኻላስ። እንዳልከው ይሁን።» አሁንም ቀነሱ።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ሸተተኝ...

ነጭ ሽንኩርት። ከመኪናዋ ውስጥ፣ ልክ ማዳበሪያው አጠገቤ የተፈታ ያህል። ቀለሟም ቅድም ከነበረው የቀላ መሰለኝ። ፀሐይ ነው ብዬ ተውኩት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሙቀቱ ወጣ። ጠዋት ሞልቼው ነበር፣ ውሃው የት እንደገባ አላውቅም።»

«ዳር ይዘህ አቁም። ውረድና ጨምርበት።»

ደምለው አየኝ። እኔም አየሁት።

«ተው» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«አንተ እዚህ የምትለው እኮ ነው እዚያ የሚበላሸው።»

ሳቀ። «ነፋስ ሻጭ። ሂድ ነፋስህን ንፋ።»

እሺ አልኩ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ይሄን ሰው በየትኛው አፌ ልምከረው።

«በሩ ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም» አላቸው።

«ልጄ፣ አሁን ገብተህ ወጥተህ የለም እንዴ?»

«አይከፈትም አልኩ እኮ።»

ሀጃ የቶባቸውን፣ የዚያን የሱዳን መጎናጸፊያ፣ ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ኻላስ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እንዳልከው ይሁን።»

ሦስተኛው ስልክ ሲመጣ የሰጠኝ ድምፅ ተለውጧል። አንድ ሰው እንዳይሰማው የፈራ ይመስል ነበር።

«ጋሼ... ቆሜያለሁ። ልወርድ ስል በሩ እምቢ አለኝ። የወዲያኛውም እምቢ አለ። መስኮቱም አይወርድም።»

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ግን... ጋቢናው ውስጥ ሽቶ ሸተተኝ። የሱዳን ሽቶ። ብቻዬን እኮ ነኝ።»

የደምለው ፊት አመድ ሆነ። ያኔ ቢያቆም ኖሮ ይበቃ ነበር። መኪናዋ ሩብ ዋጋዋ ላይ ደርሳለች። ወንድሙ ቆሟል፣ የቆመ መኪና የትም አይሄድም። ግን ልጁ በዚያ ሙቀት ጋቢና ውስጥ መታፈኑ አስጨነቀው።

«ስማኝ» አለው። «ቁልቁለት ነው። ሞተሩን ሳታስጨንቅ ቀስ ብለህ ውረድ። ነጋዴ ባህር ስትደርስ በሩን ይፈለቅቁልሃል።»

«እሺ ጋሼ።»

ስልኩ ተዘጋ። የሽንኩርቱ ሽታ አሁን ዓይን ያቃጥላል።

«ጨረስክ?» አሉ ሀጃ። «ወይስ ሌላ ዐይብ አላት?»

በኋላ እንደነገረኝ፣ «የለባትም» ሊል ነበር። ቃሉ ጉሮሮው ጋ ደርሷል። ምላሱ ግን ሌላ ነገር አልለመደም። ዕድሜ ልኩን «ሌላስ?» ሲሉት አንድ እንከን ጨምሮ ነው የኖረው።

«ፍሬንም የላትም» አለ።

ሀጃ ከአልጋቸው ተነሱ። እኚያ ልስልስ ሴትዮ ድምፃቸው ሻከረ።

«መልሰው። ቃልህን አሁኑኑ መልሰው።»

ደምለው ቃሉን አልመለሰም። ምን እያሰበ እንደነበር ታውቃላችሁ? ዋጋውን። ከመለሰው ዋጋው ስንት እንደሚጨምር። ይህንንም ራሱ ነው የነገረኝ፣ ያውም እያለቀሰ።

ስልኩ ጮኸ።

መጀመሪያ የተሰማው የነፋስ ጩኸት ነው። ከዚያ ሰጠኝ።

«ጋሼ... አይዝም። እረግጠዋለሁ፣ አይዝም።»

ደምለው በጉልበቱ ወደቀ። «ፍሬን አላት። አላት ሀጃ፣ ዋሽቼ ነው።»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አሉ ሀጃ። «የተሰደበችው እሷ ናት።»

በጉልበቱ እየሄደ አፍንጫዋ ፊት ደረሰ። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣውም። ሰውየው አሞግሶ አያውቅማ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያጣጥል ኖሮ ለወንድሙ ነፍስ አንዲት ደግ ቃል ቢፈልግ አጣ።

«ጥሩ... ጥሩ ነሽ» አለ። «ቀይ ነሽ።»

ከስልኩ ውስጥ ነፋሱ እየባሰ ነው።

«ክላክስሽ ጆሮ ይበጥሳል። ውሃ አታፈሺም። በርሽ... በርሽ እንደ ሐር ነው የሚከፈተው። ፍሬንሽ ጠንካራ ነው፣ በእግሬ አይቼዋለሁ። እንዳንቺ ያለ አይቼ አላውቅም። እባክሽ...»

እኔ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ባላይ ይሻለኝ ነበር።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም። የፍሬኑ ፔዳል ግን ወደ ታች እየወረደ ነው። ቀስ... ቀስ... እያለ ወለሉን ነካ። እዚያው ቀረ።

ከኋላ ሁለቱ ቀይ መብራቶች በሩ።

«ጋሼ...» አለ ሰጠኝ። «እየያዘ ነው መሰል።»

ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

የጭነት መኪናው ቁልቁለቱ መሃል ተገኘ። የፊት አንዱ ጎማ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት አልወደቀም። በሮቹ እንደተቆለፉ ናቸው፤ መስኮቶቹ እንደተዘጉ ናቸው። መስታወት ሰብረው ሲገቡ የሱዳን ሽቶ ሸተታቸው።

ሰጠኝ የለም። እስከ ዛሬ የለም።

ሀጃ ብር አልተቀበሉም። መኪናዋም ከኒሙ ሥር አልተነሳችም። ደምለው ንግዱን ትቶ ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቧ ኩርሲ ላይ ተቀምጦ ያሞግሳታል። ሌሊቱን ሀጃ ይተኩታል። ሰው ሊስቅበት ይመጣል፤ አብዷል ይላሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ባለፈው ሳምንት ልስቅበት ነው የሄድኩት። ያ አፈኛ ሰው ብረትን ሲለማመጥ ማየት ደስ ይለኛል ብዬ።

ከስቷል። ድምፁ ተዘግቷል። መብራቶቹ አሁንም በርተዋል።

«ጉሮሮዬ ደረቀ» አለኝ። «ውሃ እስክጠጣ ተካኝ።»

«ምን ልበል?»

«ማንኛውንም ጥሩ ነገር።»

«ለብረት?» አልኩና ሳቅኩ።

የሚከራከርበት አቅም አልነበረውም። ጆጉን አንስቶ መጠጣት ጀመረ። ግቢው ጭር አለ።

ቀዩ መብራት ፈዘዘ...

በመስኮቱ አየሁ። ፔዳሉ ከወለሉ እየተነሳ ነው። በጣም በቀስታ፣ የደከመ እግር እንደሚለቀው።

ኩርሲው ሥር ያ ስልክ ወድቋል። ቻርጅ የለውም፣ መስታወቱም ተሰንጥቋል። ከውስጡ የነፋስ ድምፅ መጣ። በነፋሱ መሃል፣ ሩቅ ሆኖ፣ አንድ ሰው በሹክሹክታ ጠየቀ።

«ጋሼ... ለምን ዝም አልክ?»

ደምለው ውሃው አነቀው። ያስላል፣ መናገር አይችልም። በዓይኑ ይለምነኛል።

እጄን የጋለው ብረት ላይ አደረግኩ።

«ቆንጆ ናት» አልኩ። «እንዲህ ያለች ቆንጆ አይቼ አላውቅም...»