የመሳፍንት ስክሪን ገመድ

መሳፍንት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ፤ እዚያው ቆቦ፣ የሠርግ ቪዲዮ በሚያቀናብርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ። አንገቱን የዞረው ሰንበር እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ መስመር ነበረው። ከተማው ግን ሰንበር መች አየ! ገዳዩ ሙላው ነው ብሎ ቆርጦ ተነሳ። ሙላው የሟች እጮኛ የመቅደስ ወንድም ነው፤ ሮቢት ገበያ መሃል «እህቴን ታገባና እንተያያለን!» ብሎ ሲዝት ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ይባስ ብሎ እህቱ ራሷ «ወንድሜ ነው የገደለው» ብላ ቃሏን ሰጠች። ሙላውን ወደ ወልድያ እስር ቤት የሚወስደው መኪና ከሰዓት በኋላ ሊነሳ ነው።

ኢንስፔክተር ጥሩነሽ መቀመጥ አቅቷታል። የሟቹን ክፍል አሥር ጊዜ ዞራ ኮምፒውተሩን ከፈተችው። ስክሪኑ ይበራል፣ ድርግም ይላል፣ መልሶ ይበራል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብላ አብራት ያለችውን መቅደስን ጠየቀች።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች መቅደስ ዓይኗን እየጠረገች። «አዲስ እኮ ነው። ትናንት ጠዋት አብረን ስንሠራበት ምንም አልሆነም።»

ጥሩነሽ ማስተካከያውን አየችው። አራት ኬ ሥዕል፣ በሰከንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ የሚታደስ። ወደ ሠላሳ ስታወርደው ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ስክሪኑ ጤነኛ ነው፤ ከብዶት ያቃተው ገመዱ ነው» አለችና ነቀለችው። ልሙጥ ጎማ ነው። «ይሄ ነው አብሮት የመጣው?»

«አይደለም! የሱ በክር የተጎነጎነ ነበር።»

ጥሩነሽ ጎማው ገመድ ከሌላ ስክሪን የተነቀለ መሆን አለበት ብላ ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ቴሌቪዥን ወዳለበት ሻይ ቤት ገባች። ባለቤቱ ጌታሁን ኳስ እያሳየ ይነግዳል፤ የመሳፍንት ሚዜም ሊሆን ነበር።

«መሳፍንትን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከእሁድ ወዲህ አላየሁትም። ወይኔ ጓደኛዬን!»

ጥሩነሽ አሮጌው ቴሌቪዥን ጀርባ አጎነበሰች። የቆቦ አቧራ ሁሉን አልብሶታል፣ ከአንድ ገመድ በቀር። ጓንት አጥልቃ ነቀለችው።

«ሁላችሁም መሳፍንት ክፍል!» አለች። ሙላውንም በካቴና አመጡት።

«ገዳዩ ያነቀው በስክሪኑ ገመድ ነው» ብላ ጀመረች። «ስክሪኑን ያለ ገመድ ቢተወው በምን እንዳነቀው ይታወቅበታል። ስለዚህ የራሱን አምጥቶ ሰካ፤ ያነቀበትን ደግሞ ራሱ ቤት ሰካው። ማን የቴሌቪዥን ጀርባ ያያል?»

«ገመድ እኮ የሌለበት ቤት የለም!» አለ ጌታሁን።

«ላንተ ቴሌቪዥን የትኛውም ይበቃዋል፤ ሥዕሉ ትንሽ ነው። የመሳፍንት አራት እጥፍ ነው፤ በዚያ ላይ ፍጥነቱ! ያንተ ገመድ ያን ሁሉ አይችልም። አንተ ጫፉ ስለገባልህ አንድ መሰለህ።»

የተጎነጎነውን ሰካችውና ፍጥነቱን ወደ መቶ አርባ አራት መለሰችው። ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም።

«ጉንጉኑ አንገቱ ላይ ካለው ሰንበር ጋር አንድ ነው፤ በክሩ መሃልም ደም ደርቋል። የማን ደም እንደሆነ ምርመራው ይነግረናል። ወይስ አንተው ትነግረናለህ?»

«መቅደስን እንደምወዳት ያውቃል!» ብሎ ጮኸ ጌታሁን። «እያወቀ ሚዜ ሁነኝ አለኝ! ሱፍ እንለካ ብሎ ጠርቶኝ ነው!»

የሙላው ካቴና ተፈታ። መቅደስ ሄዳ እግሩ ላይ ተደፋች።

«ወንድም ጋሼ…»

«እኔ ሰው የምገድል መስዬሽ?» አላት። «እሺ፣ ስዝት ሰማሽኝ። አብረን አይደለም እንዴ ያደግነው?»

ሙላው ብብቷን ይዞ አነሳት፣ ነጠላዋንም አስተካከለላት።

«ለቀብሩ እመጣለሁ» አላት። «ቤት ግን ለጊዜው አትምጪ።»