የቀኙ ስፒከር

እስከ ቅዳሜ ድረስ የማርቲ ቤት ቴፕ የሚሰማው በግራ ስፒከሩ ብቻ ነበር። የቀኙን አይጥ ከበላው ቆይቷል። የሚከፈተው ካሴትም አንድ ነው፤ ማርቲ ከመወለዷ በፊት የዲላ መዘምራን የቀዱት። የመጀመሪያውን መዝሙር የምትመራው እናቷ እንደሆነች አባቷ ሽብሩ ነግሯታል። እናቷ ስትሞት ማርቲ ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ምንም አታስታውስም። ያንን ድምፅ ግን የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት ትንፋሽ እንደሚወስድ ሳይቀር ታውቀዋለች። እሁድ ያንኑ መዝሙር በቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ልትዘምር ነው። ሰዎች «የእናቷን ድምፅ ነው የወሰደችው» ይላሉ።

ሽብሩ እንድትለማመድበት ብሎ ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ገዛ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሱሀይል ራሱ መጥቶ ገመዶቹን አሰረ።

«በይ እንግዲህ ስሚ! ስታዲየም ነው የገባሽው» አላት።

መዝሙሩ ጀመረ። ማርቲ ግንባሯን ቋጠረች።

«በቀኝ በኩል ሌላ ሴት አለች።»

«ያው ነው እኮ፤ ሁለቱም የሚያወጡት አንድ ነው።»

«አይደለም። መሪዋ ከመዘመሯ በፊት ስንኙን የምትናገር ሴት አለች።»

ሱሀይል ሳቀ። «ጆሮሽ ቴስተር ነው እንዴ? እኔ በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሊያልቅ ነው፤ ምንም የለም።»

አባቷ ግን አልሳቀም። «አዲስ ስለሆነብሽ ነው ማርቲዬ፣ ትለምጂዋለሽ» ብሎ ሱሀይልን ሊሸኝ ወጣ።

ማርቲ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰችና የባላንሱን ማዞሪያ ወደ ግራ አዞረችው። የምታውቀው ድምፅ ብቻ ቀረ። ወደ ቀኝ ስታዞረው መሪዋ ራቀች፤ ሌላዋ ሴት ቀረበች። እያንዳንዱን ስንኝ በንግግር፣ በጥድፊያ ታቀብላለች። መሃል ላይ መሪዋ አንድ ስንኝ ዘለለች። ሴትየዋም ዝግ ባለ ድምፅ «ሙሉካ፣ ድገሚው» አለቻት። መሪዋ ደገመችው።

ሙሉካ የእናቷ ታናሽ እህት ናት።

ማርቲ እንደገና መለሰችው። ያው ነው።

አባቷ ሲገባ ቴፑን አጥፍታ ቆማለች።

«አባዬ፣ የምትዘምረው አክስቴ ሙሉካ ናት።»

«ማን አለሽ?»

«ማንም። ሰማሁ።»

«የድሮ ቅጂ ነው፤ ተምታቶብሽ ይሆናል።»

«ደጋግሜ ሰማሁት። በግራም ለብቻው፣ በቀኝም ለብቻው።»

ሽብሩ ተቀመጠ። የሚያየው እሷን ሳይሆን ስፒከሮቹን ነበር።

«እናትሽ ለመዝሙር የሚሆን ድምፅ አልነበራትም» አለ። «ግጥሙን በቃሏ የምትይዘው ግን እሷ ነበረች። አጠገባቸው ቆማ ስንኝ ትጠራላቸው ነበር። አንቺ ትንሽ ሆነሽ ‹የእማዬን ድምፅ አሰማኝ› እያልሽ ስታለቅሺ፣ በዚያ አሮጌ ስፒከር የምትሰማው ሙሉካ ብቻ ነበረች። ዝም አልሽልኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ማርቲ በፈተና ዋዜማ የምትከፍተው ያንን ድምፅ ነበር። ታማ ስትተኛም አጠገቧ እንዲከፈት የምትለምነው ያንኑ ነው። የድምፁ ባለቤት ይርጋጨፌ ውስጥ በደህና ትኖራለች፤ በየበዓሉ ትደውላለች።

«ሙሉካም ታውቃለች?»

«እንዳትነግርሽ አደራ ያልኳት እኔ ነኝ።»



«እሁድ… ትተይዋለሽ?» አለ ሽብሩ።

«እዘምራለሁ። ግን የእናቷ ድምፅ ነው ሲሉህ፣ አይደለም በላቸው።»

«እሺ።»

«በሰው ፊት።»

«እሺ፣ ልጄ።»

ማርቲ የግራውን ስፒከር ዘግታ፣ ቴፑን እንደገና ከፍታ ከቀኙ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። የእናቷ ድምፅ ሻካራ ነው፤ የእሷን አይመስልም። ዐይኗን እየጠረገች እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እናቷ ዐሥራ አንድ ስንኝ ጠራች። አንዱንም አልዘመረችም።