የሴት አርባ ሁለት

«እግርሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ፤ ገመዱ ከሥር ነው ያለው» አለ ቻርት፣ ጠረጴዛው ሥር እንዳጎነበሰ።

ረጅሟ እግሯን የምትሰበስብበት ቦታ ቢኖር ኖሮ ገና ድሮ ሰብስባው ነበር። ወደ ኋላ ብትስበው ተረከዟ ግድግዳ ይነካል፤ ወደፊት ብትዘረጋው የቻርትን ራስ ትመታለች። በመጨረሻ ሁለቱንም ወንበሩ ላይ አወጣቻቸውና በሰፊው ሹራቧ ሸፈነቻቸው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከክፍሏ ሴቶች ሁሉ ትረዝማለች፣ ከአብዛኞቹ ወንዶችም ጭምር፤ ቤትም ትምህርት ቤትም «ረጅሟ» የምትባለው በዚሁ ነው። በቁመቷ መጠራቱን ለምዳዋለች። የሚያንገበግባት የእግሯ ነገር ነው።

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ የምትውለው አክስቷ ቢሮ ነው። አክስቷ የጫማ ሥራ ድርጅት አላት፤ ከኋላ ወርክሾፕ፣ ከፊት ሱቅ፣ ከሱቁ በላይ መጋዘን፣ መሃል ላይ ደግሞ በመስታወት የተከለለች ይህች ጠባብ ቢሮ። ሌላ ሰፈርም ሱቆች አሏት። እዚህ ማሽኑ ሲንጫጫ ይውላል፤ የማስቲሹ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ድሮ ምን ዓይነት ጫማ ይሠራ የሚለውን አክስቷ የምትወስነው በሆዷ ነበር። «ሆዴ ነግሮኛል» ካለች አለቀ፣ ማንም አይመልሳትም። አምና ግን ሆዷ ስለ አንድ ነጭ ጫማ አብዝቶ ነገራት። ጫማው እስከ ዛሬ መጋዘኑን ሞልቶ ቁጭ ብሏል፤ ሠራተኞቹ መውጫ መግቢያ አሳጣን እያሉ ያማርራሉ። ከዚያ በኋላ ነው ይህን ወጣት የዳታ ባለሙያ የቀጠረችው። ሥራው ከሱቆቹና ከመጋዘኑ የሚመጣውን ቁጥር ሰብስቦ፣ ምን እንደተሸጠና ምን እንደተረፈ በአንድ ስክሪን ላይ ማሳየት ነው። «ቻርት» ያሉት የወርክሾፑ ሠራተኞች ናቸው። ደህና አደርክ ቢሉት እንኳ በቻርት ነው የሚመልሰው እያሉ ይስቁበታል።

ገመዱ ተሰካና ትልቁ ስክሪን በራ። ቀይ ዘንጎች ለሴት፣ ሰማያዊ ዘንጎች ለወንድ። እያንዳንዱ ዘንግ አንድ የጫማ ቁጥር ነው፤ ብዙ የተሸጠው ይረዝማል፣ ጥቂት የተሸጠው ያጥራል። የተምታቱትን የጫማ ስሞች እያስተካከለች፣ ሁለቴ የተመዘገበውን እየሰረዘች የሠራችው ረጅሟ ናት።

አክስቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰካች መነጽሯን እየፈለገች ገባች።

«ግንባርዎ ላይ ነው» አለ ቻርት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ሳታውቅ። መነጽሩን አወረደችና ስክሪኑን አየች። «እሰይ! ይሄን ማን ሠራው?»

«እሷ ናት። እኔ ገመድ ሰካሁ።»

«የኔ ጀግና!» ብላ አክስቷ አገላብጣ ሳመቻት። ረጅሟ ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት።

አክስቷ ጣቷን በቀዩ ረድፍ ላይ አስኬደች። «ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት፣ ጎሽ። አርባም ደህና ነው። አርባ አንድ ምነው እንዲህ ኮሰሰ? አርባ ሁለትስ የታለ?»

«የሴት አርባ ሁለት ዓመቱን ሙሉ አልተሸጠም» አለ ቻርት። «መጋዘን ውስጥ አለ፤ የጠየቀ ሰው ግን የለም።»

«ይኸው! ለሌለ ደንበኛማ ቆዳ አልቆርጥም። የትልልቁን የሴት ፎርማ የሚፈልግ ሰው አለ። ዓርብ ስብሰባ ላይ እንወስንና ይውሰደው፤ ቦታውም ይለቀቅልናል።»

ፎርማ ማለት ቆዳው ተወጥሮ ጫማ የሚሆንበት፣ የእግር ቅርጽ ያለው ዕቃ ነው። ፎርማው ከሄደ በዚህ ቤት የዚያ ቁጥር የሴት ጫማ አበቃለት ማለት ነው። ረጅሟ እግሯን ሹራቧ ሥር ይበልጥ ሰበሰበች። ከእናቷ በቀር የሚያውቅ የለም እንጂ፣ የሷ እግር አርባ ሁለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ በዚሁ ሱቅ ውስጥ ነው። ለዕይታ የሚደረደረው ትንሹ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሌላው የሚመጣው ከላይ ከመጋዘን ነው። ሻጯ ደረጃው ሥር ትቆምና በዚያ በሚያስተጋባ ድምፅዋ ላይ ላለው የመጋዘን ሠራተኛ ቁጥሩን ትጣራለች። ያን ቀንም «አርባ አንድ የሴት አውርድ! አዎ፣ አርባ አንድ! ለዚች ልጅ ነው!» ብላ ጮኸች። ሱቁ በሙሉ ዞሮ እግሯን አየ። ከሚያዩት መካከል ሁለት የክፍሏ ልጆች ነበሩና ትምህርት ቤት «ጀልባ» የሚል ስም ወጣላት። ያን ዕለት ማታ አንሶላ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ «የሴት ጫማ አልወድም፣ የወንድ ነው የሚያምረኝ» እያለች የወንድ ጫማ ታደርጋለች። አክስቷም «የኔ ልጅ የራሷ ስታይል አላት» ብላ ለሰው ታወራለች።

በማግስቱ ቻርት የአንድ ጫማ ስም እንድታጣራለት ወደ ሱቁ ላካት። መደርደሪያው ጋ ቆማ ሳለ አንዲት የቢሮ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ገባች። ሴትዮዋ በቀጥታ ወደ ወይን ጠጁ ጫማ ሄደች። ረጅሟም ባለፈች ባገደመች ቁጥር በዓይኗ የምትሰርቀው ይህንኑ ጫማ ነው። ሴትዮዋ አነሳችው፣ ገልብጣ ሶሉ ላይ ያለውን ቁጥር አየች፣ ቀና ብላ ሻጯን ፈለገች። ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ሠላሳ ስምንት የሴት! ጥቁሩን!» ብላ ሻጯ ለሌላ ደንበኛ ወደ ላይ ጮኸች።

ሴትዮዋ አፏን ዘጋች። ጫማውን ቀስ አድርጋ ቦታው መለሰችና እግሬ አውጪኝ አለች።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለች ረጅሟ።

«ማን? እ፣ እሷ? ዝም ብላ ልታይ ነው የገባችው» አለች ሻጯ፣ የጫማ ሳጥን እየከፈተች። ክፉ ሰው አይደለችም። ለደንበኛ ሁሉ ትስቃለች፣ ሕፃን ይዘው ለሚመጡት ሕፃኑን ትይዝላቸዋለች።

ረጅሟ ሴትዮዋን በመስታወቱ አሻግራ በዓይኗ ሸኘቻት። ያደረገችው የወንድ ጫማ ነበር። ምንም ስላልገዛች ደረሰኝ አልተቆረጠላትም፤ ደረሰኝ ስላልተቆረጠላት ስክሪኑ ላይ የለችም። በሲስተሙ ቤት ዛሬ ይህች ሴት ሱቁን ጨርሶ አልረገጠችም።

ቢሮ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ስትቁነጠነጥ ቆየችና «አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለች።

«ጠይቂ።»

«አንዲት ጓደኛ አለችኝ። እግሯ ትልቅ ነው። ግን ሱቅ ገብታ አትጠይቅም፤ ታፍራለች። እሷን ቻርቱ እንዴት አድርጎ ነው የሚያውቃት?»

ቻርት ከኪቦርዱ ቀና አለ። ጓደኛሽ ማን ናት አላላትም። «አያውቃትም» አለ። «ይሄ ስክሪን የሚያውቀው የተሸጠውን ነው። ሊሸጥ ሲችል ያልተሸጠውን ማን ነግሮት?» ከዚያ በሩን ገርመም አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የማደርገው ስንት ቁጥር ይመስልሻል?»

«እኔ እንጃ። አርባ አንድ?»

«ሠላሳ ስምንት። ከተማሪዎች መደርደሪያ ነው የምገዛው። ይሄ እኔው የማስተዳድረው ሲስተም እኔን የሚያውቀኝ ትንሽ ልጅ አድርጎ ነው።»

ረጅሟ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ዓይኗን እየጠረገች ወደ ስክሪኑ ስትዞር ግን ሳቋ ቆመ። ከሰማያዊዎቹ መካከል የወንድ አርባ ሁለት ዘንግ ረዝሞ ቆሟል። የሷ ጫማዎች የተገዙት ከዚህ ሱቅ ነው። ስለዚህ ያ ዘንግ ውስጥ አለች። ምናልባት የዛሬዋም ሴት አለች፤ ሌሎችም አሉ። ራሷ አስተካክላ በሠራችው ቻርት ላይ ወንድ ሆና ተቆጥራለች።

«ቻርቱ እኮ ውሸታም ነው!»

«አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። እኛ ነን ሌላ ያልጠየቅነው» አለና ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ቆይ እስቲ። ድረ ገጻችን ላይ ሰው የሚፈልገውን ጫማ የሚጽፍባት ቦታ አለች አይደል? ተፈልጎ የታጣውም ይመዘገባል። ይሄን ማንም አይቶት አያውቅም፣ እኔም ጭምር።»

ከፈተው። «የሴት ትልቅ ቁጥር» ይላል አንዱ። «ለረጅም ሴት የሚሆን ጫማ» ይላል ሌላው። «42 የሴት»፣ «42 ሴት ወይን ጠጅ»፣ «ሴት 42 አላችሁ?» እያለ ወደ ታች ይወርዳል። አንዷ «እባካችሁ 42» ብላ ጽፋለች። ረጅሟ እዚያ ላይ ስትደርስ ደግማ አነበበችው። በዚህች ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለች እሷ ብቻ የሆነች ይመስላት ነበር።

«ዓርብ ይሄን አቀርባለሁ» አለ ቻርት። «ግን አክስትሽን ታውቂያታለሽ። ታዲያ ለምን ሱቅ መጥተው አይጠይቁም ትለኛለች። ለሱ መልስ የለኝም፤ መልሱ ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም ያለው። ጓደኛሽን ግን አላነሳም፣ ቃሌ ነው።»

ረጅሟ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎተተች።

ዓርብ ጠዋት ጠባቧ ቢሮ ሞላች። አክስቷ ከፊት ተቀምጣለች፤ ሻጯ አጠገቧ። ወርክሾፑን የሚመሩት፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ» የሚላቸው አዛውንት፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው በሩ ጋ ቆመዋል። ረጅሟ ቻርት ሲጠቅሳት ስክሪኑን ትቀይራለች። ቻርት የተፈለጉትን ቃላት አንድ በአንድ አሳየ። አክስቷ አገጯን ይዛ አዳመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች ሲጨርስ። «ግን ኢንተርኔት ላይ ሰው ምን የማይጽፈው አለ? የምሩን የፈለገ ሱቅ ይመጣል። ለምን መጥተው አይጠይቁም?»

«እውነት ነው» አለች ሻጯ። «እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቁኝ እኮ አወርድላቸዋለሁ!»

ቻርት ኪቦርዱን አየ። ረጅሟን አላያትም።

«እንግዲህ መልስ ከሌለ ሰውየው ከሰዓት ይምጣና ይውሰድ» ብላ አክስቷ ስልኳን አነሳች።

ረጅሟ ፈራች። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ ሥራዋ ስክሪን መቀየር ነው። ብትናገር ደግሞ ያ ሁሉ ዓይን እንደገና ወደ ታች ሊወርድ ነው። ያቺ ሴት ጫማውን መልሳ ያስቀመጠችበት እጅ ትዝ አላት፤ ቀስ ብላ፣ የሰው ዕቃ እንደነካ ሰው።

«አክስቴ፣ ስለሚጮህ ነው» አለች።

አክስቷ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። «ምኑ ነው የሚጮኸው?»

«ቁጥሩ። ወደ መጋዘን ሲጣሩ ሱቁ በሙሉ ይሰማል። ትልቅ ቁጥር የጠየቀችዋን ሰው ሁሉ ዞሮ እግሯን ያያታል። እንዳያዩዋት ብላ አትጠይቅም። የወንድ ጫማ ገዝታ ትሄዳለች፣ ቻርቱም ወንድ ነው ብሎ ይቆጥራታል።»

«አንቺ ይሄን በምን አወቅሽ?»

ረጅሟ ከወንበሯ ተነሳች። «እኔው ነኛ። አርባ ሁለት ነኝ።»

አክስቷ ፊቷን አየች፣ ቀጥሎ ጫማዋን፣ ከዚያ እንደገና ፊቷን። «የወንድ ነው የሚያምረኝ ስትዪኝ አልነበር?»

«ነበር። ውሸቴን ነው።»

«በኔ ቤት?» የአክስቷ ድምፅ ተሰበረ። «እኔ ጫማ ሠሪ ሆኜ፣ የእህቴ ልጅ የምታደርገው ጫማ አጥታ?» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሻጯ አፏን በእጇ ያዘች። «ያኔ የመጣሽ ቀን ነው፣ አይደል? ወይኔ! እኔ እኮ ቶሎ እንዲያወርደው ብዬ ነው። በሞቴ፣ አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም» አለች ረጅሟ። ስትለው እውነት መሆኑ ለራሷም ገረማት።

አክስቷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፣ መልሳ አደረገችውና ሥራ አስኪያጅ ሆነች። «በአንቺ በአንዷ ብቻ አልወስንም፤ በሆዴም አልወስንም፣ ነጩ ጫማ ይበቃኛል። ፎርማው ይቆይ። ትልልቁም ቁጥር እንደሌላው ይደርደር፣ ወደ ላይ መጮህም ከዛሬ ጀምሮ ቀረ፤ ቁጥሩን ለመጋዘን ሠራተኛው በስልክ ጽፋችሁ ላኩለት። ድረ ገጹም ላይ ይውጣ። አንድ ወቅት እንሞክረውና ያን ጊዜ ቻርቱን እንየው።»

«ፎርማው ግን አርጅቷል» አሉ ጋሼ ከበሩ። «ተረከዙ ሰፊ ነው፣ ለወጣት እግር አይሆንም። ከእውነተኛ እግር ላይ ልክ ወስጄ ላስተካክለው እችላለሁ።» ከማተሚያው ላይ ነጭ ወረቀት አነሱና እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ። «ፈቃድሽ ከሆነ ነው፣ የኔ ልጅ። ወርክሾፕ እንሂድና በር ዘግተን እንለካለን።»

ረጅሟ በሩን አየች። ከመስታወቱ ማዶ የወርክሾፑ ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። አንዱ ቀና ብሎ ወደ ቢሮው አየ፣ ፈገግ አለላትና ሥራውን ቀጠለ።

«እዚሁ ይሁን፣ ጋሼ» አለች።

ወረቀቱን ተቀብላ መሬት ላይ አነጠፈችው። ከዚያ የጫማዋን ክር ፈታች፣ ካልሲዋን አወለቀችና እግሯን ወረቀቱ ላይ ዘርግታ ቆመችበት።