ኮሶ ጠጥተዋል

አያ ዳኛው ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ፣ አንድ እጃቸው ከአልጋው ወደ መሬት ተንጠልጥሎ፣ ሞተው ተገኙ። የድብ ባሕር መንደር ሰው ማልዶ ግቢውን ሞላው፤ ከለቅሶው ግን ቁጣው ቀደመ። ሽማግሌው ትናንት ኮሶ መጠጣታቸውን ሁሉም ሰምቷል፤ ኮሶውን የሸጠው መድኃኒተኛው ህሩይ መሆኑን ደግሞ ልጃቸው እንዳልካቸው ተናግሯል። መርማሪዋ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ከጎንደር ስትደርስ ህሩይ ከወይራው ግንድ ጋር ታስሮ፣ የሟቹ የወንድም ልጆች ዱላቸውን ተመርኩዘው ከበውት ነበር።

ምክትል ኢንስፔክተር የትነበርሽ እንዲፈቱት አዘዘች። ፈቱት። ከመካከላቸው አንዱ ግን ጠጋ ብሎ፣ «ሬሳው ከመውጣቱ በፊት ገዳዩ ካልታወቀ፣ እኛ የምናውቀውን እናደርጋለን» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ዛቻ እንደሚፈጸም የትነበርሽ በሥራዋ ዘመን ተምራለች።

ሽማግሌው የሞቱባት ክፍል ከትልቁ ቤት ጀርባ ናት። ሽታዋ ያፍናል። የሟቹ ዓይኖች ወደ ውስጥ ሰምጠዋል፤ ከንፈራቸው እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቋል፤ ሪዛቸው ግን ነጭ እንደሆነ ነው። ከአልጋው ሥር ዋንጫ አለ። ብታዘነብለው ቀላ ያለ የኮሶ አበባ ከነዘለላው ከታች ተኝቷል። በምላሷ ጫፍ ነክታ እንትፍ አለች። ከሟቹ ኮት ኪስ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚሰጠውን፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ሕይወት አድን ዱቄት ከነማሸጊያው አገኘች። ስትወጣ የበሩን መቀርቀሪያ ዳሰሰችው። መቀርቀሪያው ከውጭ ነው፤ አዲስ የገመድ ቃጫ ተጣብቆበታል።

የሟቹ ሚስት እናኑ ከማድ ቤት፣ ካልታጠበ የትናንት ሳህን መሀል ተቀምጣለች። ትናንት የእንዳልካቸው እጮኛ ወላጆች የአማቻቸውን ቤት ሊያዩ ከጎንደር መጥተው እንደነበር ነገረቻት። ባሏን ሆዳቸው ማሮጥ ከጀመራቸው ዓመት አልፏቸዋል፤ እህል በቀመሱ ቁጥር ደጅ ይወጣሉ፤ ከሽምግልና መሀል ሳይቀር ይነሣሉ። ይኼ ለአንድ የአገር ሽማግሌ ሞት ነው። በመጨረሻ ልጁ ጎንደር ወስዶ አስመረመራቸው። ሐኪሙ አንጀታቸው መቁሰሉን፣ በመድኃኒት እንደሚሻላቸው፣ እስከዚያው ግን ከውሃ እንዳይለዩ ነግሯቸው ተመለሱ።

«ኮሶ መጠጣታቸውን ማን ነገረዎት፣ እትዬ እናኑ?»

«እንዳልካቸው ነዋ። ‹ኮሶ ጠጥቷል፤ ማንም እንዳይገባበት፤ እህልም ውሃም እንዳትሰጪው› አለኝ። ትሉ ሳይወጣ ውሃ ከቀመሰማ ኮሶው ይረክሳል፤ ይኼን የማያውቅ አለ?»

«ማን ፈጨላቸው?»

እናኑ አሰብ አደረገች። «እኔማ በርበሬ ብቻ ነው የፈጨሁ። ወፍጮውም ያው አንድ ነው።»

«ወጡ እንዴት ነበር?»

«ምነው? እንግዶቹ ‹ሸጋ ወጥ ነው› እያሉ ጠርገው በሉት።»

ህሩይ አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ የታሰረበትን እጁን ያሻል። አበባውን ለልጁ እንጂ ለአባቱ አልሸጥሁም አላት። «ደግሞ ሳልወቅጥ ነው የሰጠሁት፤ መውቀጥ የጠጪው ቤት ነው። ኮሶ ሻጭ ተብዬ ስሰደብ ኖሬያለሁ፤ ነፍሰ ገዳይ ሲሉኝ ግን ዛሬ ሰማሁ።»

እንዳልካቸው ጎንደር ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ በሐዘን ቀን እንኳ የሱሪው ተኩስ ያልታጠፈ ሰው ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ከዚህ ቤት ከወጣ ወዲህ ለበዓል ካልሆነ አይመጣም። አባቱ ራሳቸው ኮሶ ፈልገው እንደላኩት፣ ትናንት ንጋት ላይ በዋንጫው እንደጠጡ ተናገረ። «ሲጨልጠው በዓይኔ አይቻለሁ።»

የትነበርሽ ሁሉንም ከወይራው ሥር ሰበሰበች። ዋንጫውን ይዛ መሀል ቆመች።

«እናንተ ሁላችሁ ኮሶ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ። ተወቅጦ፣ ተፈጭቶ፣ ከነአተላው ይጠጣል። ይኼ አበባ ከነዘለላው ነው። እንደ ሻይ ቅጠል ነው የተዘፈዘፈው። የዚህ ቤት ወፍጮ ኮሶ ፈጭቶ ቢሆን የትናንቱ ወጥ በመረረ ነበር። አያ ዳኛው ይኼን ጨልጠውት ቢሆን ሪዛቸው ላይ በቀረ ነበር። አልጠጡትም። ዋንጫው የተቀመጠ ለእናንተ ዓይን ነው።»

ከወንድም ልጆቹ አንዱ፣ «ታዲያ ምን ገደለው?» አላት።

«ውሃ ጥም። ሆዱ የሚያሮጠው ሰው የሚወጣውን ያህል መጠጣት አለበት፤ ያለዚያ ይደርቃል። እሳቸው ከበሽታቸው ጋር በሩ ከውጭ በገመድ ታስሮባቸው ዋሉ፣ አደሩ። ይኼ አገር ደግሞ ኮሶ የጠጣን ሰው አይጎበኝም። ምነው ይመላለሳል ብሎ አይጠይቅም። ውሃም አይሰጥም። ሰውን ደብቆ ለማዋል እንደዚህ ያለ ሰበብ ከየት ይገኛል? ይኼን ሰበብ የሚያውቅ፣ ኮሶ እንዴት እንደሚጠጣ ግን የማያውቅ ሰው በዚህ ግቢ አንድ ብቻ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እንዳልካቸው ዞረ። የሚያስተባብል መስሎ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«በምሳው መሀል ይነሣብኛል ብዬ ነው» አለ። «ሽታው… ምን ይሉኛል ብዬ። ካልጠጣ አይወጣም መሰለኝ። ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ማታ እንግዶቹን ልሸኝ ጎንደር ሄድሁ፤ በሩን ልፍታው ሳልል። የተመለስሁት ዛሬ ማለዳ ነው።»

«ሐኪሙ ከውሃ እንዳይለዩ ሲል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

ዱላዎቹ ከህሩይ ወደ እንዳልካቸው ዞሩ፤ ፖሊሶቹ ግን ቀድመው ወደ መኪናው ወሰዱት። ህሩይን ይቅርታ ያለው ሰው የለም። ጋቢውን አራግፎ፣ ማንንም ሳይሰናበት ቁልቁል ወረደ።

እናኑ ብቻ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሌሊቱን ሲጣራ ነበር» አለች ለየትነበርሽ፣ ቀስ ብላ። «‹እናኑ፣ ውሃ› ይለኛል። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ‹ታገሥ፣ ሊነጋ ነው፣ ኮሶው እንዳይረክስብህ› አልሁት። በኋላ ዝም ሲል ትሉ ወጣለት ብዬ ደስ አለኝ።» ቀና ብላ አየቻት። «ሁሉን አወቅሽው፤ ሸጋ ነው። እስቲ ይኼን ደግሞ ንገሪኝ፤ የከለከለው ማን ነው፣ እሱ ነው እኔ?»

የትነበርሽ ዋንጫውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች።

ከጓሮ ገናዦቹ ለሬሳው ማጠቢያ ውሃ አምጡ ብለው ተጣሩ። ማንም ሳይነሣ እናኑ ተነሣች፤ እንስራውን አፉ ድረስ ሞልታ፣ እየፈሰሰባት፣ ተሸክማለት ገባች።