የማይበሰብሰው ሪባን

«ይሄም ናይለን ነው» አለች ቴገን፣ መቀሱን በሁለት እጇ እየጨመቀች። ሪባኑ ቅርፊቱ ውስጥ ሰምጧል፤ ለመቁረጥ መጀመሪያ በጥፍሯ መፈልቀቅ ነበረባት። እስካሁን አርባ አንድ ቆርጣለች። ከዚያ ሁሉ ጥጥ ሆኖ የተገኘው ሦስት ብቻ ነው።

አባባ ፓስኮ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው የተቆረጠውን ከረጢት ውስጥ ይከታሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ምንጩም ዛፉም የሚገኙት ከእርሻቸው አጥር ሥር ነው። ዘንድሮ ዛፉ በአንድ ጎኑ ብቻ ማቆጥቆጡን አይተው «ያንቺ ዓይን ደህና ነው፣ መቀስ ይዘሽ ነይ» ያሏት እሳቸው ናቸው።

ሰው ሕመሙንና ጭንቀቱን ይዞ ወደ ምንጩ ይመጣል፤ ዛፉ ላይ ጨርቅ አስሮ ይሄዳል። ድሮም እንዲሁ ነበር። አሁን ግን የሚታሰረው የስጦታ ሪባን ነው፣ የጫማ ክር ነው፣ አንዴማ የውሻ ማሰሪያ ተገኝቷል። ዛፉ ታንቆ እየሞተ ነው።

ነገ ደግሞ የበጋ መቀበያ በዓል ነው። ምድርን የሚያመልክ ሠላሳ ያህል አረማዊ ካባውን ደርቦ፣ ከበሮውን አንግቦ ይመጣል። አስተባባሪዋ የቴገን እናት ሎቭዴይ ናት። ሎቭዴይ «አረማዊት ነኝ» የምትለው ሌላው ሰው «ነርስ ነኝ» እንደሚለው ነው፤ ሱቅ ውስጥም ትለዋለች፣ የወላጆች ስብሰባ ላይም ትለዋለች። ከስብሰባው በኋላ የቴገን ክፍል ልጆች ሁለት ወር ሙሉ ሙድ ይዘውባታል።

እናቷ ቅርጫት አንጠልጥላ ቁልቁል መጣች። ቅርጫቱ ውስጥ ሠላሳ የሚያብረቀርቁ ሪባኖች ነበሩ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ዛፉን እየፈታነው ነው፣ እማ።»

«ቴጊ፣ ይሄ እኮ የሰው ጸሎት ነው።»

«ጸሎቱ ዛፉን እየገደለው ነዋ። እዪው እስቲ።»

እናቷ አላየችም። «ይህ አምስት ሺህ ዓመት የኖረ ሥርዓት ነው» አለች። «የጥንት ሰዎች እዚሁ ቆመው ለምድር እናት...»

ይህችን አምስት ሺህ ዓመት ቴገን ጥርስ ሳታበቅል ጀምሮ ሰምታታለች። ቁርስ ላይ ትነሳለች፣ መኪና ውስጥ ትነሳለች። ዛሬ ግን እጇ በእሾህ ተቧጭሯል፣ ትዕግስቷም አልቋል።

«የጥንት ሰዎች ናይለኑን ከየት አመጡት? በኢንተርኔት አዘው? የታሪክ መምህራችን ነግራናለች እኮ። ያንቺ ሃይማኖት ከሰባ ሰማንያ ዓመት ወዲህ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዘጋጁት ነው። አባባ ፓስኮ በዕድሜ ይበልጡታል።»

«እኔን ተዉኝ» አሉ ሽማግሌው።

ቴገን ቁጣ ጠበቀች፤ እናቷ ግን «አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«መጻሕፍቱን እኔም አንብቤያለሁ። የጥንቶቹ ምን ብለው እንደጸለዩ የሚያውቅ ሰው የለም። ከነሱ የቀረልን ውሃው፣ ዛፉና ይሄ ማሰር ነው። የጎደለውን እኛ ሞላነው።»

«ታዲያ አምስት ሺህ ዓመት የምትይው ለምንድን ነው?»

«ሰባ ዓመት ብል ማን በዝናብ ከበሮ ተሸክሞ ይመጣል?»

እናቷ ስትሳሳት ያናድዳል፤ እያወቀች ስትሳሳት ደግሞ የባሰ ያንገፈግፋል።

«እናቴ ስታስር አይቻለሁ» አሉ አባባ ፓስኮ በድንገት። «ከጸሎት ቤት የማትቀር ሴት ነበረች፤ አረማዊት ብትያት በመጥረጊያ ታባርርሽ ነበር። ግን ታስር ነበር። ከሚያመው ቦታ ላይ ከሚያርፈው ልብስ ትቀድዳለች፤ ጉልበት ከሆነ ከሱሪ፣ ራስ ከሆነ ከሻሽ። ውሃ ነክራ ላላ አድርጋ ታስርና ዝም ብላ ትሄዳለች። ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም አብሮ ይሄዳል።»

«ካልበሰበሰስ?» አለች እናቷ።

«ካልበሰበሰማ ሕመሙ የት ይሂድ?»

እናቷ ቅርጫቱን አስቀምጣ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማ? ምን ሆንሽ?»

እናቷ ከታች ያለውን ቅርንጫፍ አመለከተች። ከዛፉ ሁሉ ጨርሶ የደረቀው እሱ ነው። ቅርፊቱ የዋጠው ቀይ ሪባን ሁለት ጫፉ ብቻ ወጥቶ ይታያል።

«ያንቺ ነው» አለች።

ቴገን በሰባት ወሯ መወለዷን ታውቃለች፤ በየልደቷ ይነገራል። ይህን ግን ሰምታ አታውቅም።

«ሐኪሞቹ ሳንባዋ አልጠነከረም፣ ጠብቂ አሉኝ። መጠበቅ አቃተኝ። በሆስፒታል ነጠላ ጫማ ሱቅ ገብቼ የማይበጠስ፣ የማይበሰብስ ሪባን ስጡኝ አልኩ። እንድትቆዪልኝ ብዬ።» እናቷ ሳቅ የሚመስል ነገር ሞከረች። «የተገላቢጦሽ አሰርኩት።»

የቴገን እጅ ወደ ደረቷ ኪስ ሄደ። የአስም ፓፏ እዚያ አለ፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከአጠገቧ ተለይቶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም ስትል ኖራለች፣ አሁንም አታምንም። ታዲያ እጇ መቀሱን ለምን አያነሳም? በእናቷ መናደዷ ሳያንስ በራሷም ተናደደች።

«እኔ አልቆርጠውም፤ አልችልም» አለች እናቷ። «ያንቺ ነው። አንቺ እንዳልሽ።»

ቴገን ቅርንጫፉን አየች። ከበላዩ ያለውም ቢጫ መሆን ጀምሯል። ነገ ሳይሆን ዛሬ ነው መቆረጥ ያለበት።

ፓፏን አውጥታ ለአባባ ፓስኮ ሰጠች። «ይያዙልኝ።» ከዚያ የለበሰችውን ያረጀ የትምህርት ቤት ሸሚዝ የደረት ኪስ በመቀሱ ጀምራ ቦጨቅ አድርጋ ገነጠለችው።

«ሸሚዝሽን!» አለች እናቷ።

«ጥጥ ነው።»

ምንጩ ውስጥ ነከረችውና በዛፉ ለምለም ጎን ካለ ቅርንጫፍ ላይ ላላ አድርጋ አሰረችው። ውሃው እጅጌዋ ውስጥ ገባ።

«ነገ ለሚመጡት ምን ልበላቸው?» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«አሮጌ ሸሚዝ ይዛችሁ ኑ በያቸው። አምስት ሺህ ዓመቱን ተይው።»

«ሁለት ሺህ?»

«እማ።»

«እሺ። ዝም እላለሁ።»

እናቷ ተነስታ ደረቁን ቅርንጫፍ በሁለት እጇ ያዘችላት። ቴገን ቅርፊቱን ፈለቀቀች፣ የመቀሱን ጫፍ አስገባች፣ ቆረጠች። ምንም አልሆነም። ዛፉ ዛፍ ሆኖ ቆመ፣ እሷም እንደ ልማዷ ትተነፍሳለች። አባባ ፓስኮ የከረጢቱን አፍ ከፍተው ጠበቋት።

ሪባኑን ግን አልጣለችውም። ደረት ኪሷ ውስጥ ልትከተው ስትል ኪስ እንደሌላት ትዝ አላት። ለእናቷ ዘረጋችላት።

«እንቺ፣ ያዢው» አለች። «አንቺ ጋ ከሆነ ባይበሰብስም ግድ የለም።»